ዐለት ወጪ ሸክሙን ይመርጣል

ስለ ቀላል ኑሮ የተጻፉ ምክሮች ብዙ ናቸው። አብዛኞቹም «ገንዘብህን ቆጥብ፤ ሆድህን ግዛ፤ ለታይታ አትኑር» የሚሉ ናቸው። ምክሩ እውነት ነው፤ ተቀብሎ የሚኖርበት ሰው ግን ጥቂት ነው። የዚህም ምክንያት ስውር አይደለም። ሰውን «ይህን ተው» ከማለት በፊት በምትኩ የሚይዘውን ማሳየት ያስፈልጋል፤ ባዶ እጅ ያገኘውን ሁሉ ይጨብጣልና። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የማቀርብላችሁ አስተያየት የሚከተለው ነው፤ ይኸውም ቀላልና ጤናማ ኑሮ በምክር ብዛት አይገኝም፤ ሰው ከልቡ የሚወደውንና የሚደክምለትን አንድ ነገር ሲያገኝ ግን የማያስፈልገው ሁሉ እንደ ደረቀ ቅጠል በራሱ ጊዜ ይረግፋል።

ይህን አስተያየት ለማስረዳት የመረጥሁት ምሳሌ ዐለት መውጣት ነው። ዐለት መውጣት ማለት ሰው ከመውደቅ የሚያድነውን ገመድ በወገቡ ታጥቆ፣ በእጁ ጣቶች እየቆነጠጠ፣ በእግሩ ጫፍ እየረገጠ፣ ቀጥ ያለ ገደል የሚወጣበት ስፖርት ነው። «ገደል መውጣት ደግሞ ስለ ኑሮ ምን ያስተምራል?» ትሉ ይሆናል። ምሳሌውን የመረጥሁት ስለ ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ዐለት ወጪ የሚይዘውን የእያንዳንዱን ዕቃ ዋጋ በገዛ ጀርባው ስለሚከፍል፣ የሚያስፈልገውንና የማያስፈልገውን ከማንም ይበልጥ ለይቶ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ሥራው ሽልማትም ገንዘብም ሳይገኝበት ለብዙ ዘመን የኖረ በመሆኑ፣ ሰው አንድን ነገር ስለ ነገሩ ብቻ ሲወድ ኑሮው ምን እንደሚመስል ያሳያል። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በአሜሪካ፣ በካሊፎርኒያ ግዛት፣ ዮሰሚቲ የሚባል ሸለቆ አለ። ግራና ቀኙ ግራናይት በተባለ ጠንካራ ድንጋይ የታጠረ ነው። ከገደሎቹ ሁሉ ዝነኛ የሆነው ኤል ካፒታን ከግርጌው እስከ አናቱ 900 ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ይቆማል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓመታት፣ በዚህ ሸለቆ ውስጥ ካምፕ አራት በተባለ የድንኳን ሰፈር ጥቂት ወጣቶች ይሰባሰቡ ነበር። ብዙዎቹ ከዓመቱ ጥቂት ወር ሠርተው ባገኙት ገንዘብ የቀረውን ጊዜ በዐለቱ ሥር የሚያሳልፉ ነበሩ። ቤታቸው ድንኳን፣ ወንበራቸው ድንጋይ፣ ሀብታቸው ገመድ ነበር። በዚያን ጊዜ ያያቸው ሰው ሥራ ፈቶች ናቸው ቢል አይፈረድበትም። ይሁን እንጂ ያ የድንኳን ሰፈር በ2003 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ለመግባት በቅቷል። የመዘገበው መንግሥት ድንኳኑን አይደለም፤ በድንኳኑ ውስጥ ያደሩት ሰዎች የሠሩትን ሥራ ነው።

ከእነዚህ ወጣቶች አንዱ በ1938 የተወለደው ኢቮን ሹናርድ ነው። ሹናርድ በ1957 ያገለገለ የቀጥቃጭ ምድጃ፣ መስፍ፣ ጉጠትና መዶሻ ገዝቶ ብረት መቀጥቀጥን በራሱ ተማረ። ይህንም ያደረገው ለዐለት መውጫ የሚያገለግለውን ፒቶን የሚባል የብረት ችንካር ራሱ ለመሥራት ነው። ችንካሩ በዐለቱ ስንጥቅ ውስጥ በመዶሻ ይመታል፤ ገመዱም በእርሱ በኩል ያልፋል። በዚያን ጊዜ ከአውሮፓ የሚመጣው ችንካር ለስላሳ ብረት ስለ ነበረ፣ አንዴ ከተመታ በኋላ ተነቅሎ እንደገና እምብዛም አያገለግልም ነበር። የሹናርድ ግን ከጠንካራ ብረት የተሠራ በመሆኑ እየተነቀለ ደጋግሞ ያገለግላል። በአንድ ሰዓት ሁለት ችንካር ይሠራና አንዱን በ1 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሱቅ አልነበረውም፤ ሸቀጡን የሚያስቀምጠው በመኪናው ኋላ ነበር። ትርፉ አነስተኛ ስለ ነበረም፣ ራሱ እንደ ተረከው፣ በቀን ከ50 ሳንቲም እስከ 1 ዶላር በሚደርስ ወጪ ለሳምንታት ይኖር ነበር። አንድ ጊዜማ ቆርቆሮው ስለ ተጨማደደ በርካሽ የሚሸጥ የድመት ምግብ ገዝቶ ከአጃና ከድንች ጋር እየበላ ከርሟል።

ይህን የምነግራችሁ የድመት ምግብ ብሉ ለማለት አይደለም። ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ሌላ ነው። ይህ ወጣት «ቀላል ኑሮ ልኑር» ብሎ ስእለት አልተሳለም። የሚፈልገውን አንድ ነገር ያውቅ ነበር፤ እርሱም ዐለቱ ነው። ስለዚህ አንድን ዕቃ ከመግዛቱ በፊት የሚጠይቀው ጥያቄ «ሰው ምን ይለኛል?» የሚል ሳይሆን «ይህ ከዐለቱ ያቀርበኛል ወይስ ያርቀኛል?» የሚል ነበር። ይህን የመሰለ ጥያቄ ያለው ሰው ለመቆጠብ አይታገልም፤ ቁጠባው ራሱ ይመጣል። ጥያቄው የሌለው ሰው ግን ደመወዙ ቢጨምር ምኞቱም አብሮ ይጨምራል፤ ኋላም የአበው ተረት እንደሚለው «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ይሆንበታል።

የመቀነሱ ነገር በምግብና በልብስ ብቻ አልቆመም፤ በሙያውም ውስጥ ገባ። በኖቬምበር 1958 ዋረን ሃርዲንግ፣ ዌይን ሜሪና ጆርጅ ዊትሞር ኤል ካፒታንን «አፍንጫው» በተባለው መንገድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጡት። ሥራው ከተጀመረ ከአንድ ዓመት በላይ ሆኖት ነበር፤ በገደሉ ላይ የዋሉበት ቀን ብቻ ሲቆጠር 45 ያህል ነው። ገመድ እየዘረጉ፣ እየወረዱ፣ ስንቅ ጭነው እየተመለሱ ነበር የወጡት። ከሁለት ዓመት በኋላ በ1960 ሮያል ሮቢንስ፣ ቶም ፍሮስት፣ ቸክ ፕራትና ጆ ፊትሸን ያንኑ መንገድ ወደ ታች ሳይመላለሱ በሰባት ቀን ጨረሱት። በ1975 ጂም ብሪድዌል፣ ጆን ሎንግና ቢሊ ዌስትቤይ በአንድ ቀን ወጡት። በ1993 ደግሞ ሊን ሂል የተባለች ሴት፣ ገመዱን ለመውደቅ መከላከያ ብቻ አድርጋ፣ ችንካርም ገመድም ሳትጎትት፣ በእጇና በእግሯ ብቻ ወጣችው። ከእርሷ በፊት ይህን ያደረገ ወንድም ሴትም አልነበረም። በ1994 ይህንኑ ሥራ ከ24 ሰዓት ባነሰ ጊዜ ውስጥ ደገመችው።

ገደሉ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ አልዝቀጠም፤ ቁመቱ ያው ነው። የተለወጠው ሰው ነው። መጀመሪያ የወጡት ብዙ ዕቃ ያስፈለጋቸው ሰነፎች ስለ ሆኑ አይደለም፤ መንገዱን የሚያውቅ ከእነርሱ በፊት ስላልነበረ ነው። ከእነርሱ በኋላ ግን ዕውቀት በጨመረ ቁጥር ሸክም እየቀነሰ ሄደ። ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ከዐለት ውጭም ይሠራል። ጎበዝ አናጢ በጥቂት መሣሪያ ያማረ ሥራ ይሠራል፤ ጀማሪው ግን መሣሪያው ሁሉ ያንሰዋል። ጎበዝ ጸሐፊ በአጭር ዐረፍተ ነገር ሐሳቡን ይጨርሳል፤ ያልበሰለው ቃላት ያከማቻል። እንግዲህ ቀላልነት የማጣት ምልክት ብቻ አይደለም፤ የችሎታ ፍሬ የሚሆንበትም ጊዜ አለ ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ፍቅር የሚፈተነው በችግር ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሲሳካም ይፈተናል። የሹናርድ ችንካር ተወዳጅ ሆነ። በ1970 ድርጅቱ በአሜሪካ ከሚገኙት የዐለት መውጫ መሣሪያ አቅራቢዎች ሁሉ ትልቁ ለመሆን በቃ። ነገር ግን በዚያው ጊዜ አንድ ጉዳት ገሃድ ወጣ። ወጪዎች በበዙ ቁጥር ያ ጠንካራ ብረት በአንድ ስንጥቅ ውስጥ በየቀኑ ሲመታና ሲነቀል ዐለቱን ይሰብረውና ያቆስለው ጀመር። ሹናርድ የሚወደውን ኤል ካፒታንን በወጣበት ጊዜ ቁስሉን በዓይኑ አየ። እንግዲህ ምን ያድርግ? ችንካሩ ከንግዱ ሰባ በመቶ ያህሉ ነበር። ዐለቱን እወዳለሁ የሚል ሰው ዐለቱን በሚያቆስል ዕቃ ይከብር ዘንድ ይገባዋልን?

መልሱ ከሌላ አገር ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ነበር። የእንግሊዝ ዐለት ወጪዎች የማሽን ዳዶ በማሰሪያ እያንጠለጠሉ፣ ያለ መዶሻ በስንጥቅ ውስጥ በእጃቸው እየሸጎጡ ይጠቀሙ ነበር። ሮያል ሮቢንስና ባለቤቱ ሊዝ ይህን ዘዴ ወደ ዮሰሚቲ አምጥተው፣ በ1967 አንድም ችንካር ሳይመቱ አዲስ መንገድ ወጡ። ሹናርድና የሥራ ጓደኛው ቶም ፍሮስትም በዚሁ ሐሳብ ተመርተው ከአልሙኒየም የተሠሩ፣ በእጅ የሚሸጎጡና በእጅ የሚወጡ ሽብልቆችን ሠሩ። በ1972 ባወጡት የዕቃ ዝርዝር መጽሐፍም ደንበኞቻቸው ችንካርን እንዲተዉ፣ ዐለቱንም እንዳገኙት አድርገው ለሚቀጥለው ሰው እንዲያስረክቡ መከሩ። ነጋዴ የራሱን ዋና ሸቀጥ አትግዙ ሲል መስማት የተለመደ ነገር አይደለም። ደንበኞቹ ግን ምክሩን ሰሙ፤ ሽብልቁም ቶሎ ተስፋፋ። ሹናርድ በ1973 ፓታጎኒያ የተባለውን የልብስ ኩባንያ አቋቋመ፤ በ2022 ደግሞ እርሱና ቤተሰቡ የኩባንያውን ባለቤትነት በአደራ ለሚጠብቀው አካልና ለተፈጥሮ ጥበቃ ለሚሠራ ድርጅት አስተላለፉ። በወጣትነቱ በቀን ከ1 ዶላር በማይበልጥ ወጪ የኖረው ሰው በሽምግልናው ሀብቱን ለመልቀቅ አልተቸገረም። መልቀቅን ቀድሞ ተምሮታልና።

አሁን ደግሞ ስለ ጤና እንነጋገር። ዐለት ወጪ ስለ ጤንነቱ የሚጠነቀቀው ሐኪም ስላስፈራራው አይደለም። ገደሉ ላይ የሚያወጣው ሞተር የለም፤ ያለው አካሉ ብቻ ነው። ሌሊቱን በመጠጥ ያሳለፈ ሰው ጠዋት ጣቶቹ አይታዘዙለትም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ገመዱን ሲያስር ይሳሳታል። ስለዚህ ቶሎ መተኛት፣ ልከኛ ምግብ መብላት፣ ከሱስ መራቅ ለእርሱ የሥነ ምግባር ትምህርት ብቻ ሳይሆን የዕለት ሥራው አካል ነው።

ጤናን የሚሰጠው ሥራ ግን ትዕግሥትን በብርቱ ይጠይቃል። የሰው ጡንቻ በጥቂት ወራት ልምምድ ይጠነክራል፤ ጡንቻውን ከአጥንት የሚያገናኘው ጅማት ግን ለመጠንከር ከዚያ የረዘመ ጊዜ ይፈልጋል። ጀማሪው ጉልበት ተሰማኝ ብሎ ከአቅሙ በላይ ቢሞክር የጣቱን ጅማት ይጎዳል፤ ለወራትም ከሥራው ይታገዳል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዐለት ወጪ የሕክምና ምክር ጭምር ነው።

በዚህም አንጻር አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ያስፈልጋል። ገደል የሚወጣ ሰው የገዛ አካሉን ክብደት ስለሚጎትት፣ አንዳንድ ተወዳዳሪዎች ሲቀሉ የሚያሸንፉ እየመሰላቸው ሆን ብለው ይራባሉ። ይህ ቀላል ኑሮ አይደለም፤ በራስ ላይ የሚፈጸም በደል ነው። በቂ ምግብ የማያገኝ ሰውነት አጥንቱ ይሳሳል፤ በተለይም በማደግ ላይ ባለ ወጣት ላይ ጉዳቱ ይከፋል። ዓለም አቀፉ የስፖርቱ ፌዴሬሽንም በዚሁ ምክንያት በ2024 በተወዳዳሪዎች ላይ የጤና ቁጥጥር የሚደረግበትን ደንብ አውጥቷል። ቀላል ኑሮ ትርፉን መጣል እንጂ የሚያስፈልገውን መንፈግ አለመሆኑን ከዚህ እንረዳለን።

ዐለት ወጪ ብቻውን እንደሚታገል ጀግና አድርጋችሁ አትመልከቱት። አብዛኛውን ጊዜ ወጪው ገመዱን በወገቡ ይታጠቃል፤ የገመዱን ሌላ ጫፍ ደግሞ ከታች የቆመው ጓደኛው ይይዛል። ወጪው ቢያመልጠው የሚያድነው የጓደኛው ንቃት ነው። ስለዚህ ጓደኛ የሚመረጠው በልብሱ ወይም በጨዋታው ሳይሆን «ሕይወቴን ባስይዘው ይጠብቅልኛልን?» በሚል ሚዛን ነው። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የሚለውን ተረት እዚህ ላይ ቃል በቃል ሲፈጸም እናየዋለን። ከልብ የሚወዱት ሥራ ዕቃን ብቻ ሳይሆን ወዳጅንም ለይቶ ያሳውቃል ማለት ነው።

ጥንቃቄም የሙያው ግማሽ ነው። ከዚህ በላይ ስሟን የጠቀስነው ሊን ሂል በ1989 በፈረንሣይ አገር፣ ቢዩ በተባለ ቦታ አንድ ገደል ወጣች። ከመነሣቷ በፊት ገመዷን በወገብ ትጥቋ አስገብታ ቋጠሮውን ግን ሳትጨርስ ቀርታ ነበር። ከላይ ደርሳ ልትወርድ ክብደቷን በገመዱ ላይ ስትጥል ገመዱ ሾልኮ ከ20 ሜትር በላይ ወደቀች። ዛፍ ተቀብሏት በአጥንት ጉዳት ተረፈች። ልብ በሉ፤ ያን ጊዜ እርሷ ከዓለም ምርጦች አንዷ ነበረች፤ የወደቀችውም በከባድ ቦታ ላይ ሳይሆን ልጅ ሊያስረው በሚችለው ቋጠሮ ነው። ዝና ቋጠሮ አያስርም። ለዚህ ነው ጠንቃቃ ዐለት ወጪዎች ከመነሣታቸው በፊት አንዱ የሌላውን ቋጠሮ በዓይንና በእጅ የሚመረምሩት። ሂልም ከአራት ዓመት በኋላ ኤል ካፒታንን ወጣች።

እስካሁን ያቀረብሁትን አስተያየት የሚቃወሙ ክርክሮች ይኖራሉ፤ ሦስቱን ላንሣ። የመጀመሪያው «ይህ ሕይወትን በከንቱ ለአደጋ ማጋለጥ አይደለምን?» የሚል ነው። ክርክሩ ሊናቅ አይገባም። አሌክስ ሆኖልድ የተባለ አሜሪካዊ በጁን 3 ቀን 2017 ኤል ካፒታንን ያለ ምንም ገመድ በ3 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ወጣ። ሆኖልድ ለብዙ ዓመታት በመኪና ውስጥ የኖረ፣ ከገቢውም አንድ ሦስተኛ ያህሉን ለፀሐይ ኀይል ልማት የሚሰጥ ሰው ነው። ኑሮው ያስመሰግነዋል፤ ያን ያለ ገመድ የተደረገ ጉዞ ግን ምሳሌ አድርጌ አላቀርብላችሁም። አንድ ጣት ቢያመልጥ መመለሻ የሌለው ሥራ ነውና። እርሱም ቢሆን በድንገት አላደረገውም፤ መንገዱን ለብዙ ጊዜ በገመድ እየተለማመደ እያንዳንዱን መቆንጠጫ በቃሉ አጥንቶ ነበር። ብዙዎቹ ዐለት ወጪዎች ግን ገመድ የሚታጠቁት ነገ ተመልሰው ለመውጣት ስለሚፈልጉ ነው። እውነተኛ ፍቅር የዕድሜ ልክ ጓደኝነት ይመኛል እንጂ የአንድ ቀን ጭብጨባ አይመኝም።

ሁለተኛው ክርክር «ይህ ለራስ ብቻ መኖር ነው፤ ቤተሰብና ኀላፊነት ያለበት ሰው እንዴት ይሆናል?» የሚል ነው። ለዚህ መልስ የሚሆነኝ በ1909 በኢጣሊያ የተወለደው ሪካርዶ ካሲን ነው። ካሲን አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፤ በ12 ዓመቱም ትምህርቱን ትቶ በቀጥቃጭ ዘንድ ሥራ ገባ። በኋላም ሌኮ በተባለችው ከተማ በብረት ሥራ ኖረ። በ1937 ከጓደኞቹ ጋር በስዊዘርላንድና በኢጣሊያ ድንበር አጠገብ የሚገኘውን የፒዝ ባዲሌን ሰሜን ምሥራቃዊ ገደል ለመጀመሪያ ጊዜ ወጣ። በዚያ ጉዞ ከእነርሱ ጋር የተቀላቀሉ ሁለት ወጣቶች በማዕበልና በድካም ሞተዋልና የሙያውን አደጋ ልንደብቅ አይገባም። ካሲን ግን ሥራውንም ዐለቱንም ሳይጥል ቆየ። በ1987፣ ልክ ከ50 ዓመት በኋላ፣ በ78 ዓመቱ ያንኑ ገደል እንደገና ወጣ። በ2009 ሲያርፍ 100 ዓመት ሞልቶት ነበር። የሚወዱትን ነገር መከተል የግድ ሥራን ጥሎ ዱር መግባት ማለት እንዳልሆነ የእርሱ ሕይወት ይመሰክራል።

ሦስተኛው ክርክር ከሁሉም የከበደ ነው። «የካምፕ አራት ወጣቶች በፈቃዳቸው ተራቡ፤ በአገራችን ግን ሳይፈቅድ የሚራብ ስንት አለ! ለድኻ ስለ ቀላል ኑሮ መስበክ ስላቅ አይሆንምን?» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ድህነትና ቀላል ኑሮ አንድ አይደሉም። ቀላል ኑሮ የሚመርጡት ነገር ነው፤ ድህነት ግን የሚጫን ቀንበር ነው። ሹናርድ ሲሰለቸው ተነሥቶ ሌላ ሥራ ሊይዝ ይችል ነበር፤ እናቱ የምትልከው ነገር ያጣች ልጅ ግን እንዲህ ያለ ምርጫ የላትም። ስለዚህ ማንም «በድህነታችሁ ተደሰቱ» ቢላችሁ አትስሙት። እኔ የምለው ከዚህ ይለያል። ከድህነት ለመውጣት የሚጥር ወጣት እንኳ ያለችውን ጥቂት ገንዘብና ጊዜ ለታይታ ሳይሆን ለሚወደው ሙያ ቢያውል፣ ከቀንበሩ ፈጥኖ ይላቀቃል። አንድ ቀጥቃጭ ያገኛትን ብር በጫማ ፈንታ በመዶሻ ላይ ቢያውላት መዶሻዋ ጫማውን ታመጣለች፤ ጫማው ግን መዶሻ አያመጣም።

ምናልባት «በአካባቢያችን ዐለት የሚያወጣ አስተማሪም ገመድም የለም» ትሉ ይሆናል። ያለ አስተማሪና ያለ አስተማማኝ ገመድ ወደ ገደል እንዳትቀርቡ አጥብቄ አሳስባችኋለሁ። የጽሑፌም ዓላማ ሁላችሁንም ዐለት ወጪ ለማድረግ አይደለም። ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በትግራይ ወደሚገኘው ወደ ደብረ ዳሞ ገዳም ለመድረስ 15 ሜትር ያህል የሚሆነውን ገደል በጠፍር ገመድ መውጣት ግድ ነው። መነኮሳቱ ለዘመናት በዚያ ገመድ ሲወጡና ሲወርዱ ኖረዋል። እነርሱ የሚወጡት ለስፖርት አይደለም፤ ዓላማቸው ከዮሰሚቲ ወጣቶች ፈጽሞ የተለየ ነው። አንድ ነገር ግን ያመሳስላቸዋል። ከላይ የሚጠብቃቸውን ነገር ስለሚወዱ ከታች የሚተዉት ነገር አይከብዳቸውም። በገመድ የሚወጣ ሰው ብዙ ጓዝ ሊይዝ አይችልምና።

በማስተማር ሥራ ላይ በነበርሁበት ዘመን ተማሪዎች «ስታድጉ ምን ትፈልጋላችሁ?» ተብለው ሲጠየቁ ብዙዎቹ የዕቃ ስም ሲዘረዝሩ እሰማ ነበር። መኪና፣ ቤት፣ የእጅ ሰዓት ይላሉ። ጥቂቶቹ ግን «መሣል»፣ «መሮጥ»፣ «ንብ ማነብ» እያሉ የሥራ ስም ይጠራሉ። በሁለቱ መልሶች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። የዕቃ ምኞት አንዱ ሲሞላ ሌላው ይከፈታል፤ የሥራ ፍቅር ግን ዕለት በዕለት ይመገባል። እናንተም የምትወዱት ነገር እውነተኛ መሆኑን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎችን ራሳችሁን ጠይቁ። ማንም ሳያየኝና ሳያመሰግነኝ እሠራዋለሁን? ሰውነቴንና አእምሮዬን ያጠነክራልን ወይስ ያደክማል? እኔ ሠርቼ ካለፍሁ በኋላ ለሚመጣው ሰው ቦታውን ደኅና አድርጌ እተውለታለሁን? የመጀመሪያው ጥያቄ ከታይታ፣ ሁለተኛው ከሱስ፣ ሦስተኛው ከስግብግብነት ይለያችኋል።

ለሦስቱም «አዎን» የሚያሰኝ ሥራ ካገኛችሁ፣ ያ ሥራ የእናንተ ዐለት ነው። ሥዕል ቢሆን፣ ሩጫ ቢሆን፣ ክራር መደርደር ወይም አትክልት መትከል ቢሆን ልዩነት የለውም። አካል ሲደክም መልኩን ሊለውጥም ይችላል፤ ሮያል ሮቢንስ የመገጣጠሚያ ሕመም ከከባድ ዐለት ባገደው ጊዜ በወንዝ ላይ በታንኳ መጓዝን የሙያው ምትክ አድርጎ ያዘ እንጂ ተስፋ ቆርጦ አልተቀመጠም። ዋናው ነገር የምትወጡትን ገደል አስቀድማችሁ ማወቃችሁ ነው። የሚወጣውን ገደል የማያውቅ ሰው የገበያውን ዕቃ ሁሉ ይሸከማል፤ የሚያውቅ ግን ከረጢቱን ፈትቶ፣ የማያስፈልገውን ከግርጌው ትቶ፣ ቋጠሮውን ለጓደኛው አሳይቶ መውጣት ይጀምራል።